ጢስ የሌለው ካናቢስና የሕመምተኛው ምርመራ

(ሀዋሳ ላይ ለጤና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር)



ከዚህ ከሀዋሳ ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሻሸመኔ ይደርሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ራስ ተፈሪያን የሰፈሩት በዚያ ነው። የእነርሱ ነገር ሲነሣ ለብዙዎቻችን የሚታየን ጢሱ ነው። ዳሩ ግን ቬራ ሩቢንና ላምብሮስ ኮሚታስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት የጃማይካ ጥናት እንደተመለከተው፣ በዚያች ደሴት ቅጠሉን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት የታወቀ ልማድ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ስለሚከለክል፣ ከአወሳሰዱ የትኛው ይሻላል ብዬ ለመምከር አልቆምሁም። ጉዳዬ ከሕመምተኛው ጋር ነው።

የሕመም ታሪክ ስንመዘግብ «ታጨሳለህ?» እንላለን። የበላው ሰው «አላጨስም» ይላል፤ አልዋሸም።

የዕፁ ዋና ንጥረ ነገር ቲኤችሲ በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለሆነም ሻዩ ደካማ ሲሆን፣ በቅቤ ወይም በዘይት የተሠራው ኬክ ብርቱ ይሆናል። ያጨሰ ሰው ኃይሉን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያውቀው ሊያቆም ይችላል። የበላው ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ «አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ቁራሽ የሚጨምረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ጉበትም ንጥረ ነገሩን ወደ ሌላ ብርቱ አስካሪ ስለሚለውጠው፣ ስካሩ ስድስት፣ ስምንት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

ሳይቃጠል በሙቀት የሚተነው ዕፅ የካርቦን ሞኖክሳይድና የሬንጅ መጠኑ ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱ ግን እንደ ጢሱ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 በተነሣው የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 68 ሰዎች ሞተዋል። በዋናነት የተጠረጠረው በፈሳሹ የተቀላቀለው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈቀደው በአፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት በአንጻሩ በእያንዳንዱ ርጭት 2.7 ሚሊግራም ቲኤችሲ ይሰጣል። መጠኑ መታወቁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሕፃን ነው። ጣፋጭ መስሎት የበላ ልጅ ይፈዛል፣ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል፣ ትንፋሹም ይደክማል። ማርከሻ መድኃኒት ስለሌለው ትንፋሹን መጠበቅና መደገፍ ግዴታችን ነው። እናቲቱ ሕጉን ፈርታ ዝም ብትል፣ ልጁን በማጅራት ገትር ጠርጥረን ወገቡን በመርፌ እንወጋለን። እንግዲህ «ምን በላ? መቼ በላ?» ከማለታችን በፊት፣ የምንጠይቃት ለሕክምናው እንጂ ለክስ አለመሆኑን እንንገራት።