«ሞተሩ ያልተነካ»

ቦዲቲም ይሁን ሶዶ፣ ያገለገለ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ የማትቀር አንዲት ምስክርነት አለችው፤ «ሞተሩ ያልተነካ ነው» ይላል። ገዢም ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋል። «ታይሚንጉ አስቸግሮ ተሠርቷል» ከተባለ ግን ፊቱን ያዞራል። እኔ ይህ ፍርድ የተገለበጠ ይመስለኛል። ታይሚንጉ ተበላሽቶ በወጉ የተሠራና ማስረጃ ያለው መኪና፣ ማንም ከፍቶት ከማያውቅ ዕድሜ ጠገብ ሞተር ይመረጣል። ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ያሉት ቤንዚንና ናፍጣ መኪኖች እያረጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ይኖራሉ ማለት ነው።

ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ኮሎዶካ ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት፤ ታይሚንግ የምንለው ይህ ልክ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሠራ እያንዳንዱ ቫልቮላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። ኮሎዶካውንና ካምሻፍቱን የሚያስተሳስራቸው በአንዳንዱ ሞተር ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ፣ በሌላው የብረት ካቴና ነው። ጎማ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ከነካው ይላላል። ከሻሸመኔ በሃላባ አድርጎ ቦዲቲን አቋርጦ ሶዶ የሚገባው አስፋልት ስንት ዓመት ያመላለሳቸውን የቀድሞ ናፍጣ ቶዮታ ሃይኤሶች ውሰዱ። 2ኤል እና 5ኤል የተባሉት ሞተሮቻቸው በቺንጋ ነው የሚሠሩት። ቶዮታ ራሱ ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ወስኖ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ አድርጓል። ናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮላውን ይመታዋል፤ ቴስታታ ይወርዳል፣ ወጪው ከቺንጋው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መኪና «ያልተነካ» ብሎ ማወደስ፣ ቺንጋው ዕድሜውን ጨርሶ እዚያው አለ ብሎ ከመናገር በምን ይለያል? እርግጥ ቪትዝ፣ እንዲሁም ከ2000ዎቹ (በፈረንጆቹ) ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ኮሮላዎች ካቴና ናቸው፤ በኪሎ ሜትር ቆጥሮ መቀየር አያስፈልጋቸውም። ካቴናውን የሚያኖረው ግን ዘይት ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ካቴናው ይላላል፤ ጠዋት ሲነሳ የሚንኳኳው ድምፅም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ጠዋት ያልኩት በምክንያት ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ያ ድምፅ ላይሰማ ይችላል።

«የተነካ ሞተር እኮ ያልተማረ እጅ የገባበት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ ነው። ቺንጋውን አንድ ጥርስ አሳስቶ የሚያስር መካኒክ ደህናውን ሞተር ያደክማል። ነገር ግን ይህ ስህተት ይታያል። ሽፋኑ ሲከፈት የፑሊዎቹ ምልክቶች መገጣጠማቸው በዓይን ይታያል፤ የቺንጋው ስንጥቅና ዘይት መንካቱም እንዲሁ። መወጠሪያው አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ ደረሰኝ ይናገራል። ያልተከፈተው ሞተር ግን የሻጩን አፍ እንጂ ሌላ የሚያቀርበው ምስክር የለውም፤ ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቁጥር ወደ ኋላ ሊመለስ፣ መብራቱም ሊጠፋ ይችላልና። ታዲያ የሚከፍተው መካኒክ የሻጩ ወዳጅ አይሁን፤ ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ሁኑ።

ሌላም ማስተባበያ አለ። መኪናው ዳገት ላይ ሲያቃስት «ከፍታው ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው» ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው ቦዲቲ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሆኖም አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ቦዲቲ ሲደርስ በጥቂቱም ቢሆን መበርታት እንጂ መድከም አይገባውም። ደግሞም ከፍታ ተመሳሳይ ሞተሮችን እኩል ያደክማል። ተመሳሳይ ሞዴል መኪና በዚያው ዳገት ላይ ሲቀድመው፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥና ለመነሳት ሲያስቸግር፣ በከፍታው ላይ ማሳበብ አያዋጣም።

የቀረው ወረቀቱ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን የመመርመርና ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እኛ ግን ሊብሬው፣ ቦሎውና ስም ማዞሩ ካማረ ሞተሩን ረስተን እንፈርማለን። በዚያ ላይ «አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትል መስመር ከገባች ክርክሩ የባሰ ይከብዳል። ስለዚህ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ታይሚንጉ መቼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ የት ጋራዥ እንደተሠራ፣ ወይም ጨርሶ እንዳልተሠራ፣ ሻጩ በውሉ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። ጽፎ ከፈረመ ችግር የነበረበትም ቢሆን መኪናውን አስመርምራችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። አልጽፍም ካለ ግን ሌላ መኪና ፈልጉ።