ዕረፍት ያጣች መሬት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ስለ ሕዝብ መብዛትና ስለ ራያ ቆላ የተፈጥሮ ሀብት የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል እንድናገርበት የተመረጠልኝ ርእስ፥ የሕዝብ መብዛትና የመሬት አጠቃቀም መለወጥ በዕፀዋትና በእንስሳት ላይ የሚያመጣው ነገር የሚል ነው። ነገሩ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ፥ ሁላችንም በየቀኑ በዓይናችን በምናየው በቆቦ ሜዳ ላይ ልወስነው አስቤአለሁ።

እንደሚታወቀው የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በደጋው ተራራ፥ በምሥራቅ በዞብል ጋራ መካከል የተዘረጋ ነው። ሜዳውን የሚያለመልመው በላዩ የሚዘንበው ዝናም ብቻ አይደለም፤ ሆርማትና ጎሊና ከተራራው ይዘውት የሚወርዱት ውሃና ደለልም ጭምር ነው። ስለዚህ የቆላው ሕይወት በደጋው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ከግማሽ ያህል ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ግን ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋ። በ12 ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ያን ጊዜ የራያ ቆቦ ወረዳ ብቻውን ከ200,000 የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው። መሬቱ ግን አንድ ጋት እንኳ አልጨመረም። ታዲያ መሬት ሲጠብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስድባት ምንድን ነው? ዕረፍቷን ነው። ይኸንንም በሦስት ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ዱሩና የግጦሹ መሬት ነው። ግራሩ፥ ቁርቁራውና በደኖው ለማገዶ፥ ለከሰልና ለአጥር ይቈረጣል፤ ቦታውም ይታረሳል። ከብቱ መሰማሪያ ሲያጣ ወደ ተዳፋቱ ይወጣና ሣሩን ዘር ሳይሰጥ ይግጠዋል። ቆቅና ጅግራ መደበቂያ፥ ሚዳቋ መዋያ፥ ንብም አበባ ታጣለች። ሣር የለቀቀውን ባዶ መሬት ደግሞ የቅንጬ አረም ይወርሰዋል። ይህ አረም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከእርዳታ እህል ጋር ወደ አገራችን እንደ ገባ ይታመናል። በደጋው በኩል የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። የገብስ እርሻ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፥ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ እንደ አቡነ ዮሴፍ ባሉ ከፍተኛ የተራራ ጫፎች ላይ ተወስኖ ቀርቷል።

ሁለተኛው ውሃው ነው። የተራራው ልብስ ሲገፈፍ ዝናሙ ወደ ምድር መስረጉን ትቶ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ቀድሞ ለማሳው ማዳበሪያ ያመጣለት የነበረው ጎርፍ፥ ዛሬ ድንጋይና አሸዋ ያለብሰዋል። ዛሬ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጕድጓድ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅለው ውሃ እንኳ፥ ዝናሙ ቀስ ብሎ ሲሰርግ የሚጠራቀም ነው። ያለ ልክ ከቀዳነውና ተራራውን ካራቆትነው ምን ይተካዋል?

ሦስተኛው፥ ብዙ ሰው የማያስተውለው፥ የማሳው ራሱ መራቈት ነው። ማሽላ በየዓመቱ በአንድ ማሳ ላይ ሲዘራና መሬቱ ሲደክም አቀንጭራ ይበረታል። አቀንጭራ ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ምግቡን የሚነጥቅ አረም ነው፤ አንዱ እግር በአሥር ሺህ የሚቈጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። በሚያዝያ ተዘርተው በኅዳር የሚታጨዱት፥ እንደ ደጋሊት ያሉት የአገር ማሽላዎችም የበልጉ ዝናም ሲዘገይ ቦታቸውን ለጤፍና ቶሎ ለሚደርስ ዘር እየለቀቁ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ጊዜማ ገበሬው የዘሩን እህል ሳይቀር በላ። ከዚያ በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደና የሥራ ጓደኞቻቸው ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ሆነው የጥንቱን ዘር ወደ ማሳ ለመመለስ መድከማቸው የሚመሰገን ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከእነዚህ ዘሮች አንዱ በዚሁ በአገራችን በጎብዬ ስም መጠራቱ ያኰራናል።

እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የሰው መብዛት ነውን? እኔ እንዲህ ብዬ አልደመድምም። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ የተነሡትን ፎቶግራፎች፥ ከ60 ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ ከተነሡት ጋር ቢያነጻጽሩ፥ በብዙው ስፍራ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኙትም። ይህም የሰው እጅ መንቀል ብቻ ሳይሆን መትከልም እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን ከተጨመረው ዛፍ ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቤት ይሠራል፤ ገንዘብም ያመጣል፤ ይሁን እንጂ የግራሩን፥ የዋንዛውንና የወይራውን ቦታ ሊተካ አይችልም። ቍጥር አንድ ነገር ነው፤ ዓይነት ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ለመሬት ዕረፍቷን መመለስ ነው። ተዳፋቱን ከልሎ ሣሩን እያጨዱ ለከብት ማብላት፥ እርከን መሥራት፥ ማሽላን ከማሾና ከሽምብራ ጋር እያፈራረቁ መዝራት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ግን የሚጸናው፥ ወላጆች ልጆቻቸውን በአቅማቸው ልክ ሲወልዱ፥ ልጆችም ከሞፈር ሌላ እንጀራ የሚያገኙበት ሙያ ሲኖራቸው ነው። አራት ወንድማማች ከአንድ ጥማድ መሬት ላይ ካልተነሡ፥ ተራራውን ተዉት ብሎ መምከር ከንቱ ነው። እነርሱም ልጆቻቸውን ማብላት አለባቸውና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ የተማርን ልጆች ዛሬ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። በዕረፍታችን ጊዜ ወደየቀበሌአችን ስንሄድ፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁትን የማሽላ፥ የሣርና የዛፍ ስም እየጠየቅን በደብተራችን እንጻፍ፤ ከየዓይነቱም ዘር ለትምህርት ቤታችን እናምጣ። ስሙ የጠፋውን ነገር፥ ሲጠፋ እንኳ የሚያስተውለው ሰው አይኖርምና።