ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም

እህቶቼ፣ ተናገሪ ስትሉኝ ፈርቼ ነበር፤ ከአስረኛ ክፍል ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አላወራሁም። ያለፈውን አርብ ልንገራችሁ።

እዚህ ሙስካት ሦስት ዓመት ስሠራ አሮጌውን ወደብ አይቼው አላውቅም ነበር። ከሙትራ ተነስተን ባሕሩን ይዘን በእግራችን ሄድን። (የምትሄዱ ባጣቃችሁንና ውሃ ያዙ፣ ጥላ የሚባል የለም።) ከወደቡ ግራና ቀኝ አለት ላይ ሁለት ምሽጎች አሉ፣ ሚራኒና ጃላሊ። ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሯቸው። ከተማዋን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1507 ያዙ፣ በ1650 ኦማኖች አስወጧቸው። በ1541 በምጽዋ ወርደው ወደ እኛ አገር የዘመቱትም እነሱው ናቸው፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ትዝ አለኝ። ጃላሊ እስከ 1970ዎቹ እስር ቤት ነበር።

እኔን ግን የያዘኝ ምሽጉ አይደለም። ወደቡ ዙሪያ ገደሉ ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ድሮ የመጡ መርከበኞች ድንጋዩን ወጥተው የመርከባቸውን ስም ጽፈው ነው የሄዱት። እንግዳ ሆነው መጥተው ሄዱ፣ ስማቸው ግን አለ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የምጠራው ከእኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ነው፤ ልጆቹ ስለለመዱት ተብሎ። እኔም ዝም ብዬ አቤት እላለሁ።

ማታ እንደተመለስኩ ለማዳም እናንተ የምትጠሩኝን ስም ነገርኳት። ሳቀች። ሁለት ጊዜ ሞከረችው፣ አልሆነላትም። ትንሹ ልጅ ግን በአንዴ አለው።