ከፍተኛ ሒሳብ ለመሐንዲስ ምን ይረባዋል?

(የምህንድስና ተማሪዎች ዱከም ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወደ እናንተ የመጣነው አንድ ጥያቄ አብረናችሁ ለመመርመር ነው። ጥያቄውም «መንገድና ድልድይ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ኢንተግራልና ዲፈረንሺያል እኩሌታ ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ምህንድስና የሚማር ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊቱን የሚያነጋው ከእነዚሁ ጋር ስለ ሆነ፥ ጥያቄው እኛንም ሳያስጨንቀን አልቀረም።

መልሱን ሩቅ አገር ሄደን አንፈልገውም። ዱከም የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የጥንቱ ምድር ባቡር በዚህ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፤ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መስመር ተመረቀ።

እንግዲህ ባቡር ከቀጥታ ሐዲድ ወደ ጠማማው ሲገባ ምን እንደሚሆን እንመልከት። በሴኮንድ 30 ሜትር የሚሮጥ ባቡር ሬዲየሱ 1,000 ሜትር በሆነ ክብ ላይ ሲዞር፥ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለሬዲየሱ ሲካፈል 0.9 ይወጣል። ተሳፋሪው ወደ ጎን የተገፋ ያህል የሚሰማው በዚህ መጠን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን፥ ቁጥሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጥታው ሐዲድ በአንድ ነጥብ ላይ ከክቡ ጋር ቢገጥም፥ ግፊቱ ከ0 ወደ 0.9 በቅጽበት ይዘላል፤ ተሳፋሪው ይንገጫገጫል፤ ሐዲዱና መንኰራኵሩም ይጎዳሉ። ስለዚህ መሐንዲሱ በሁለቱ መካከል ቀስ በቀስ የሚጠመዘዝ መስመር ያስገባል። የዚህ መስመር ርዝመት 90 ሜትር ቢሆን፥ ግፊቱ በ3 ሴኮንድ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል ማለት ነው።

የዚህን መስመር ነጥቦች መሬት ላይ ለመትከል ግን ኢንተግራል ያስፈልጋል፤ ያውም በተለመደው ቀመር የማይፈታ፥ በተከታታይ ድምር የሚሰላ ኢንተግራል ነው። የስዊሱ ሊቅ ኦይለር ስለዚህ ዓይነቱ መስመር እ.ኤ.አ. በ1744 ሲጽፍ፥ መንገደኛ የሚጭን ባቡር በዓለም ላይ ገና አልነበረም። ዛሬ የማይረባ የሚመስል ትምህርት ለነገ ስንቅ እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

«ኮምፒዩተር ይሠራልን የለምን?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ይሠራል። ነገር ግን ኮምፒዩተር የሰጡትን ያሰላል እንጂ ዳኛ አይሆንም። አንድ ዜሮ አሳስቶ ላስገባ ሰው የተሳሳተውን መልስ በስድስት ዴሲማል አሳምሮ ይሰጠዋል። ያንን ስሕተት የሚይዘው ሒሳቡ የገባው መሐንዲስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ይህ ነው። ከፍ ብለን የጠቀስነውን አዲሱን ባቡር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። መሥራታቸውን አንነቅፍም። ሆኖም ንድፉን አንብቦ «ይህ ልክ ነው፤ ይህ ግን ልክ አይደለም» የሚል ሰው የሌለው አገር ዘወትር የሰው እጅ ሲያይ ይኖራል። ቀመር ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ዲግሪ ያስገኝ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ዳኝነት ግን አያስገኝም።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ሒሳብ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው ብላችሁ አትፍሩት። ቀመር ሲሰጣችሁ «ከየት መጣ?» ብላችሁ መምህራችሁን ጠይቁ። አልጄብራችሁንና ትሪጎኖሜትሪያችሁን ከአሁኑ አጥብቁ፤ ካልኩለስ የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሲላሉ ነውና። ሦስት አራት ሆናችሁም አጥኑ፤ ለጓደኛው ማስረዳት ያልቻለ ገና አልገባውም። ወደ ፊት በዱከም አዲስ ሐዲድ ሲዘረጋ፥ ጠመዝማዛውን የሚያሰላው እጅ ከእናንተ መካከል የወጣ እንዲሆን ምኞታችን ነው።