የእጅ ባትሪና የሙቀት ሒሳብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዘንድሮው ስብሰባ አዘጋጆች ከመሥሪያ ቤት ሥራ ውጭ በገዛ ጊዜዬ ስለምደክምበት ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ጥቂት አመንትቼ ነበር። ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር አስረድተዋል፤ እኔ ግን ይዤ የመጣሁት ኪስ ውስጥ የሚገባ የእጅ ባትሪ ነው። ይሁን እንጂ በዚህች ትንሽ ዕቃ የፈጸምሁት ስሕተትና ከስሕተቱ ያገኘሁት ትምህርት ለብዙዎቻችን ሥራ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ፣ ትዕግሥታችሁን ለምኜ እጀምራለሁ።

በቋንቋችን የእጅ መብራቱን ራሱን «ባትሪ»፣ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» እንለዋለን። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን ለአንድ ምሽት ተጠቅመንበታል። ዘዴው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ደረቁ የዚንክና የካርቦን ሴል ሲሞቅ ኬሚካዊ ሂደቱ ስለሚፋጠን ለአጭር ጊዜ ይነቃቃል። ዛሬ የምናገርለት ባትሪ የሚሠራበት የሊቲየም ሴል ግን ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይጎዳል፤ ከመጠን በላይ ቢግልም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን አስቀድሜ መናገር ግዴታዬ ነው።

የጥንቱ ባትሪ ብርሃን የሚሰጠው ከጋለ የተንግስተን ሽቦ ነበር፤ ከሚቀበለውም ኃይል እጅግ የሚበልጠው ወደ ሙቀት ይለወጥ ነበር። አንቶኒ ማግሊካ እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያ ማግላይት የተባለውን የአሉሚኒየም ባትሪ ለገበያ ሲያቀርብ አካሉ የረቀቀ ቢሆንም አምፖሉ ያው የሽቦ አምፖል ነበር። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከከፊል አስተላላፊዎች ምርምር ነው። ኒክ ሆሎንያክ እ.ኤ.አ. በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ አሳየ፤ ደማቁ ሰማያዊ ዳዮድ ግን እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ድረስ አልተገኘም። ይህን እንቆቅልሽ የፈቱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ በፎስፈር አማካይነት ወደ ቢጫ ሲለወጥና ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ አድርጎ ያየዋል። ኤል.ኢ.ዲ. የምንለው የዛሬው ነጭ መብራት መሠረቱ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ አንድ ልዩ የእጅ ሙያ ተስፋፋ። የባትሪ አፍቃሪዎች የፋብሪካውን አምፖል እያወጡ በምትኩ ዳዮድ መትከል፣ ቀጥሎም በቶርኖ የራሳቸውን አካል መቅረጽ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ክሪ የተባለው ኩባንያ ኤክስ.ኤም.ኤል. የሚባለውን፣ በ3 አምፔር 1000 ሉመን ያህል የሚሰጥ ዳዮድ ባወጣ ጊዜ ውድድሩ ጋለ። በጥቂት ቁጥር ለሚያውቋቸው ደንበኞች የሚሠሩ ባለሙያዎች በመዳብ፣ በነሐስና በቲታኒየም የቀረጹዋቸው ባትሪዎች ዛሬ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ተራ የሚባል ነገር የለም። ዳዮዱ የሚቀመጥበት የመዳብ ሰሌዳ፣ በመካከል ሙቀትን የሚያግድ ሽፋን ሳይኖር የዳዮዱ መሐል በቀጥታ ከመዳቡ ጋር እንዲበየድ ሆኖ ይሠራል። የባትሪውን ባሕርይ የሚወስነው ፕሮግራም 8 ኪሎባይት ብቻ በሚይዝ ኤቲታይኒ85 በተባለ ጥቃቅን ኮምፒዩተር ላይ ይጻፋል። ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ የሚልከው ለስላሳ አንጸባራቂ፣ ለቅርብ ሥራ ከሚሆነው ሸካራ ፊት ካለው አንጸባራቂ ተለይቶ ይመረጣል። ነገር ግን በውበቱ ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ቲታኒየም ለዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው ብረት ነው። የተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው በአንድ ሜትርና በአንድ ኬልቪን 7 ዋት ያህል ሲሆን፣ የአሉሚኒየም ቅይጥ 170፣ መዳብ ደግሞ 390 ገደማ ነው። ባለቤቱ የሚኮራበት አካል ለዳዮዱ እንደ ብርድ ልብስ ነው ማለት ነው።

እኔም በዚህ ሙያ ተነድፌ የመጀመሪያ ባትሪዬን ሠራሁ። ዳዮዶቹንና የመዳቡን ሰሌዳ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ይዞልኝ መጣ፤ አካሉን መርካቶ ያለ አንድ የቶርኖ ባለሙያ በሰጠሁት ንድፍ ከአሉሚኒየም ቀረጸልኝ። በአራት ዳዮዶች፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው በአንድ የሊቲየም ሴል 4000 ሉመን የሚሰጥ ነበር። ማታ ከግቢያችን ወጥቼ ሳበራው በጨለማው ማዶ ያለው ጋራ ወለል ብሎ ታየ። በዚህ ኩራት እንደ ተሞላሁ፣ ባትሪውን በገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ለሆነችው ለታላቅ እኅቴ በስጦታ ላክሁላት።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ እኅቴ የወለደችን እናት ቁስል በመስፋት ላይ ሳለች መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባትሪዬን አብርታ ያዘችላት። ክፍሉ እንደ ቀን በራ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛዋ «እትዬ፣ አቃጠለኝ!» አለች፤ ደግ ሰው ናትና እንዳትጥለው ብላ በፎጣ ጠቅልላ ያዘችው። ፎጣው ሙቀቱን ይበልጥ አፈነው። ጥቂት ቆይቶም ባትሪው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም አለ። እኅቴ መርፌው በእጇ እንዳለ በጨለማ ቆመች። ቀሪውን ስፌት የጨረሰችው በእጅ ስልክ መብራት ነው፤ እናቲቱም በደኅና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ባትሪው የጠፋው ተበላሽቶ አልነበረም። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ ፈጽሞ እንዲጠፋ ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ያሰብሁትም ስለ ዳዮዶቹ ደኅንነት ነበር። ባትሪው በማን እጅ፣ በምን ሥራ ላይ ሳለ እንደሚጠፋ ግን አላሰብሁም። ስልክ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃት እኅቴ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ የሠራኸው ለማዶ ጋራ ነው፤ የእኔ ሥራ ያለው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ደግሞም ብርሃንህ ሲበራም ቢሆን ደሙንና ሥጋውን ለይቼ ማየት ቸግሮኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አስቀድሜ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ሒሳብ ተቀምጬ ሠራሁ። አራቱ ዳዮዶች በሙሉ ኃይል ሲበሩ 45 ዋት ያህል ይወስዳሉ፤ ይህም ከአንዱ ሴል 12 አምፔር ገደማ መሳብ ነው። ከዚሁ ኃይል ውስጥ 30 ዋት ያህሉ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። አካሉ 100 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ግራም አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.9 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ መላው አካል በዲግሪ 90 ጁል ይጠይቃል። 30 ዋት በሴኮንድ 30 ጁል ነውና ባትሪው በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ዲግሪ ይጨምራል። ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 60 ለመድረስ 120 ሴኮንድ ይበቃዋል ማለት ነው።

የሚወጣውስ ምን ያህል ነው? የአካሉ የውጭ ገጽ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በረጋ አየር፣ በነፋስና በጨረር የሚወጣውን አንድ ላይ አድርገን በካሬ ሜትርና በዲግሪ 10 ዋት ብንይዝ፣ ገጹ ከአየሩ በ30 ዲግሪ ሲበልጥ የሚወጣው 3 ዋት ብቻ ነው። ሠላሳ እየገባ ሦስት የሚወጣበት ዕቃ እንዴት ይዘልቃል? የያዘው እጅ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ፎጣው ግን ያንኑም ከለከለው።

እዚህ ላይ ስለ መለኪያው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣው ኤፍ.ኤል.1 የተባለው የእጅ ባትሪ ደረጃ ለሙያው ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሻጭ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፍ ነበር። በደረጃው መሠረት የብርሃኑ መጠን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሴኮንድ በኋላ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ ወደ መጀመሪያው መጠን 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይቆጠራል። የብርሃኑ ርቀት የሚባለው የሙሉ ጨረቃን ያህል፣ ማለትም 0.25 ሉክስ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ 22,500 ካንዴላ ያለው ባትሪ 300 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ርቀቱን ወደ 600 ሜትር ለማሳደግ ግን ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

እነዚህ ቁጥሮች ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን «4000 ሉመን፣ ሁለት ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባትሪ በደረጃው ሕግ መሠረት እውነት ተናግሮ፣ ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ በ500 ሉመን ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ከ4000 አሥር በመቶው 400 ነውና። ገዢው ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ያነባቸዋል፤ ሁለቱ ግን አብረው የኖሩበት ሰዓት የለም። የእኔም ባትሪ በዚሁ ደረጃ ቢለካ በብርሃኑ መጠን ከፍተኛ ማዕረግ ያገኝ ነበር።

ሁለተኛውን ባትሪ ስሠራ የተነሣሁት ከመጨረሻው ጥያቄ ነው፦ በዝግ ክፍል፣ ማንም ሳይዘው፣ ሥራው እስኪያልቅ ምን ያህል ሙቀት ማውጣት ይችላል? መልሱ 2.5 ዋት ያህል ሆነ፤ ስለዚህ ጠቅላላውን ኃይል በ4 ዋት ወሰንሁት። ብርሃኑ 350 ሉመን ገደማ ነው፤ ከመጀመሪያው አሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የሰው ዓይን ልዩነትን የሚመዝነው በእጥፍ ስለሆነ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ሴል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሳይዋዥቅ ይበራል፤ አካሉም ከ45 ዲግሪ አያልፍም።

ስለ ደሙ የተናገረችውም ምክንያት ነበረው። የቀለም ታማኝነት የሚለካበት የተለመደው ቁጥር የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ሲሆን፣ ዘጠነኛው ናሙና፣ ማለትም ደማቁ ቀይ፣ በአማካዩ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሉመን እንዲሰጡ ተብለው የሚሠሩት ቀዝቃዛ ነጭ ዳዮዶች በዚህ ቀይ ላይ እጅግ ደካማ ናቸው። ስለዚህ አማካዩ ከ90 በላይ የሆነና ቀዩንም በሚገባ የሚያሳይ፣ ሞቅ ያለ ነጭ ዳዮድ መረጥሁ። ለዚህም ከብርሃኑ መጠን አምስት እጅ አንድ እጅ የሚያህል ወይም የሚበልጥ ከፈልሁ። አንጸባራቂውን አውጥቼ ብርሃኑን በእኩል የሚበትን መስተዋት አደረግሁበት፤ ከመደርደሪያ የሚንጠለጠልበትም መንጠቆ ጨመርሁ። ሴሉ ሲደክም ወይም ሙቀቱ ከፍ ሲል ባትሪው አይጠፋም፤ ወደ ግማሽ፣ ከዚያም ወደ ሩብ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በጎኑም ትንሽ ቀይ መብራት ያሳያል። እኅቴ ባትሪውን ከተቀበለችው ሰባት ወር ሆኖታል። ስለ እርሱ የምትነግረኝ ነገር እየቀነሰ ሄዷል፤ ይህንም እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለገጠር ጣቢያዎች የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር መግለጫ እናዘጋጃለን። ጄኔሬተርም ሆነ ትራንስፎርመር ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፋኖስ፣ ሁሉም እንደ ባትሪዬ ሁለት ቁጥር አላቸው፤ አንዱ ለአጭር ጊዜ የሚችሉት፣ ሌላው ዘወትር የሚችሉት ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ በጉልህ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በምንጽፈው መግለጫ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጨመሩ አሳስባለሁ፦ ይህ ቁጥር ከስንት ደቂቃ በኋላ የተለካ ነው? በምን ያህል የአየር ሙቀትና በምን ሁኔታ? ዕቃው አቅሙ ሲያልቅስ የሚያቆመው እንዴት ነው? ሦስተኛው ጥያቄ በመግለጫ ወረቀቶቻችን ላይ እምብዛም አይገኝም፤ በዚያች ሌሊት በጤና ጣቢያው የጎደለውም እርሱ ነበር።

ሁለቱንም ባትሪዎች ይዣቸው መጥቻለሁ፤ ሁለተኛውን እኅቴ ለዛሬ ብቻ አውሳኛለች። ከስብሰባው በኋላ በጠረጴዛው ላይ ስለሚቀመጡ እያበራችሁ እንድታወዳድሯቸው እጋብዛለሁ። የመጀመሪያውን ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ በእጃችሁ እንዳትይዙት አደራ።