ሦስት ቀን ሳያልፍ

ዛሬ የምናገረው ከገጠር አዲስ ገብታችሁ በሰው ቤት ለምትሠሩ ወጣቶችና ለአሠሪዎቻችሁ ነው። ጉዳዩ ያሳፍራል ይባላል። ዝምታው ግን ይጎዳል።

እኔ አብነት ሰፈር ማታ ማታ ፊደል አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከጎጃም የመጣች ናት። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን ግን «ንገሪልኝ» ያለችኝ ራሷ ናት። አውቶብስ ተራ እንደ ወረደች ደላላ ሰው ቤት አስቀጠራት። አንድ ማታ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረችና፣ «እትዬ፣ አንድ ሰው አስገድዶኛል» አለችኝ።

«መቼ?» አልኳት።

«ወር አለፈው።»

«ታዲያ ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድሽም?»

«ማን ይቀበለኛል ብዬ? መታወቂያ የለኝ፣ ገንዘብ የለኝ፣ መንገዱንም አላውቅ።»

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ተመረመረች፤ ረዷትም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው መድኃኒት ጊዜው አልፎ ነበር።

ስለዚህ ደብተራችሁን አውጡና ይህን ቁጥር ጻፉ፦ 72። 72 ሰዓት ማለት 3 ቀን ነው። ከተደፈራችሁ ወይም ኮንዶም ከተቀደደ፣ 3 ቀን ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እርግዝናን የሚከላከል ኪኒን አለ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ እሱ ለ28 ቀን ይዋጣል። ሁለቱም ቶሎ ሲጀመሩ ይበልጥ ይሠራሉ። ቀኑ ቢያልፍም አትቅሩ፤ ምርመራና ሌላ ሕክምና አለ። የተደፈረች ልጅ ጥፋት የለባትም። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናና የሕግ ርዳታ በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ።

በፈቃዳችሁ ጓደኛ ለያዛችሁም ምክር አለኝ። «መርፌ መካን ያደርጋል» የሚባለው እውነት አይደለም። ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል እንጂ መካን አያደርግም። መርፌና ኪኒን ግን እርግዝናን እንጂ በሽታን አይከለክሉም። ሁለቱንም የሚከላከል ኮንዶም ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ በነፃ ይሰጣል።

እናንተም አሠሪዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. «ብሩህ ተስፋ» የሚባል ፕሮግራም በአዲስ አበባ ተጀምሮ ነበር። ሴቶች አስተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አሠሪ እያስፈቀዱ፣ ልጃገረዶችን ሰብስበው ፊደልና ጤና አስተማሩ። እናንተም ማታ ሁለት ሰዓት ፍቀዱላት። ስትታመም ወደ ሕክምና ላኳት። እናቷ ሩቅ ናት፤ እናንተ ቅርብ ናችሁ።

ተማሪዬ አሁን ሌላ ቤት ትሠራለች። ትምህርቷንም አላቋረጠችም። ባለፈው ሳምንት በመንገድ ስናልፍ ቆም ብላ ሰሌዳ አነበበች፦ «ጤና ጣቢያ»። ይህን ቃል እናንተም አምስት ጊዜ ጻፉት።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።