ገዢን ሰብስቦ መጠየቅ

ማራችንን በትልቅ ጣሳ ገበያ ብናወጣ ሳይሸጥ ተመለሰ። «ተወዶ ነው» ብለን ዋጋ ልንቀንስ ተነሣን። ደግነቱ አስቀድመን ስምንት ገዢዎችን ቡና አፍልተን ጠራን። ይህ የቡድን ውይይት ይባላል፤ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃዋል።

አንዳችን ጠየቀ፤ አንዳችን ጻፈ። የተማርነው ፊደል እዚህ ላይ ጠቀመን። «ማራችን ጥሩ ነው ወይ?» አላልንም፤ ይሉኝታ አለና። «ማር ስትገዙ ምን ታያላችሁ?» አልን። አንዱ ብቻ እንዳያወራ ዝም ያሉትንም ጠየቅን።

«ጣሳው ውስጡ አይታይም፤ ለአንድ ቤትም ይበዛል» አሉን። ለካ ጥፋቱ የዋጋው አልነበረም!

ታዲያ የስምንት ሰው ቃል የገበያው ሁሉ ቃል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂቱን ብቻ በትንንሽ ጠርሙስ ሞከርን፤ በዚያው ዋጋ ተሸጠ። እናንተም ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት ገዢውን ጠይቁት።